ግማሽ ክኒን

ከሱብሒ ሶላት በፊት ጣይባ ሰሌኗ ላይ እንደተጋደመች፣ ከአገዳው ግርግዳ ወዲያ ዓይሻ በሹክሹክታ ስታወራ ሰማች። ዓይሻ የወንድሟ የአብዱልወሃብ ሚስት ናት። «ግማሹን እሷ ትውጠዋለች፣ ግማሹን እኔ ለአሊዪ አደርስለታለሁ። ይኸው ሁለቱም ቆመው ይሄዱ የለ?» አለች። አብዱልወሃብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳታውቅ?» አለ በመጨረሻ። «ካወቀችማ ትከለክለኛለች። የእናቴ ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለች ዓይሻ። ጣይባ የወንድሟን መልስ ጠበቀች። አብዱልወሃብ ግን ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ለውዱእ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ነበር የዘጋው፣ እሷን እንዳይቀሰቅስ።

ሰሞኑን ማታ ማታ ምላሷ ላይ የሚቀርባት ምሬት ከምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ሙሉ ክኒን ልሙጥ ነው፤ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይወርዳል። የተሰበረ ግን ስባሪው ምላስ ላይ ይቀርና እንደ እሬት ይመራል። በጨለማ ከዓይሻ እጅ እየተቀበለች ሳታየው ስትውጥ ከርማለች። ጠዋት ጠዋት ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ብድግ ማለት ጀምሯል፤ ትናንት እንዝርቷን ከእጇ አስፈንጥሯል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ቅል ውሃ ደፍቷል። ድካም ነው ብላ ነበር ያለፈችው። ባለፈው በጋ፣ ጣልያኖች ወደ ደሴ የሚያወጡትን መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች ቂጣ ልትሸጥ ሸዋ ሮቢት ወርዳ ሳለ እሳት ላይ ወድቃ ግራ ክንዷ ተቃጠለ። ሰዎች በቃሬዛ የጣልያን ሐኪም ቤት አደረሷት። ሐኪሙ ቃጠሎውን አክሞ ሲያበቃ ስለ አወዳደቋ ጠየቃት፤ ጅኒ ነው ሲባል የኖረውን፣ ባሏ በሠርጓ ሰሞን ወደ ወንድሟ ቤት የመለሳትን ነገር፣ እሱ በሽታ ነው አለና ነጩን ክኒን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። አስተርጓሚው የነገራትን እንደ ዱዓ በቃሏ ይዛዋለች፤ በየማታው አንድ ዋጪ፣ አትዝለይ፣ አትደርቢ፣ ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ዳንሁ ብለሽ በድንገት አታቋርጪ። ክኒኑ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ግን ከዓይሻ ሳጥን ወጥቶ አያውቅም። የሚወድቅ ሰው ዕቃ አይያዝም ተብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት መሆኗን በዚህ ቤት ማንም አላሰበውም፣ እሷም አላስታወሰቻቸውም።

ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሰገደችና ወደ ጓሮ ዞረች። ዓይሻ ፍየሏን ታልብ ነበር።

«ዓይሻ፣ ቆርቆሮውን ስጪኝ።»

ዓይሻ ቀና አላለችም። «ለማታው ገና ነው።»

«ለማታው አይደለም። ከእንግዲህ እኔ እይዘዋለሁ።»

የዓይሻ እጅ የፍየሏ ጡት ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ቅሉን መሬት አስቀምጣ ገባችና ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች። ጣይባ ከፍታ አየችው። ሙሉዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ ጎን በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ግማሾች አሉ። ዓይሻ ጥጡን ስታይ እንባዋ መጣ። ወንድሟ አሊዪ ከአርበኞቹ ጋር ነበር። በክረምቱ፣ ከአንኮበር ቁልቁለት በታች በተደረገው ውጊያ፣ አንድ ባንዳ በጠመንጃ ሰደፍ ራሱን መታው። ቁስሉ ሲድን መውደቅ ጀመረ። ጓዶቹ ተሸክመው አመጡትና አብዱልወሃብ ማሽላው መሃል ባለው ማማ ላይ ወፍ ጠባቂ አስመስሎ ደበቀው። ይህን ጣይባም ታውቃለች። መውደቁን ግን ማንም አልነገራትም።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ምን ትዪኝ ነበር?»

«እምቢ እልሽ ነበር።»

«ታዲያስ።»

«እምቢ ብዬ ግን ሐኪም ቤት እወስደው ነበር።»

ዓይሻ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ጣልያን ሐኪም ቤት? ራሱን የፈነከተውን ሰው መድኃኒት ስጠኝ ይበለው?» አለች። ጣይባ ቆርቆሮውን አጥብቃ ያዘች። ይዛው ክፍሏ ብትገባ ማንም አይከለክላትም፤ ድርሻዋ ነው፣ ሰውነቷ ነው፣ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ የሷ ነው። ነገር ግን እነዚያ ጥጥ ውስጥ ያሉት ግማሾች ዓይኗ ላይ ቀሩ። «ዛሬ እነዚህን ልትወስጂለት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዓይሻ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች፤ በማሳው ዙሪያ ባንዳዎች ስለሚመላለሱ ከትናንት በስቲያም ትናንትም አላደረሰችለትም። ይህን ስትሰማ ጣይባ ቁጣዋ ሌላ ነገር ሆነ። በድንገት የሚያቋርጥ ሰው ምን እንደሚገጥመው ተነግሯታል። ሰውየው ደግሞ ያለው ማማ ላይ ነው። ነጠላዋን ተከናነበችና አህያዋን ፈታች። ዓይሻ ወዴት ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ገበያ የምትሄድ እንድትመስል የተፈለቀቀ ጥጥ የሞላ ጆንያ አምጥታ አህያዋ ላይ ጫነችላት።

ማሽላው ራስ አውጥቶ እየቀላ ነው። አሊዪ ከማማው ላይ ወንጭፉን ይዞ ቁልቁል አያት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ከጆሮው በላይ ፀጉር ያላበቀለ ቀጥ ያለ ጠባሳ አለ። ውረድ ስትለው የእህቱን መልእክት ያመጣች መስሎት ፈጥኖ ወረደ። ጣይባ ዙሪያ ጥምጥም አላለችም፤ ሲውጠው የከረመው ክኒን የማን እንደሆነ ነገረችው። ዓይሻ ከአሊዩ አምባ ነጋዴ የገዛሁት ነው ብላው ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ማሽላ ዘንጥፎ በእጁ ሲፈተፍት ቆየ።

«የሴት ድርሻ ስበላ ከረምኩ በይኛ» አለ። «ከዛሬ ወዲያ አልነካውም፤ ወላሂ።»

«እሱም አይሆንም። በአንዴ ስታቋርጠው ከበፊቱ የባሰ ይጥልሃል።»

«ታዲያ ብውጥ አንቺን፣ ባልውጥ እኔን። ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ሐኪም ቤት መሄድ። ለራስህ የሚሆነውን ሰፍሮ ይስጥህ።»

ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ስላለ አልነበረም። የሮቢ ድልድይ ኬላ ላይ የቆሙት ባንዳዎች የሰው ትከሻ እያስገለጡ እንደሚያዩ፣ ጠመንጃ የኖረበት ትከሻ እንደማይሸሸግ ነገራት። ጣይባ ሰምታ ስታበቃ፣ ማማው ላይ ሆኖ ወድቆ አንገቱ ቢሰበር ባንዳ ከገደለው በምን ይሻላል ብላ ጠየቀችው። ከዚያም መልሱን ሳትጠብቅ አህያዋን ነድታ መንገድ ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ዞራ አላየችም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፀሐዩ በርትቷል። ቁርቁራውና ግራሩ ጥላ የለውም። ድንጋይና ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ፤ አህያዋ በያንዳንዱ ትደነብራለች። አሊዪ ኩታውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጣይባ ቀኝ እጇ ብድግ ሲልባት አየና የአህያዋን ገመድ ተቀበላት። ከጥቂት እርምጃ በኋላ እሷ መንገዱ ዳር ካለች ሾላ ሥር ቁጭ ብላ ውሃ ጠጣች፣ ለእሱም ሰጠችው፤ ደክሞት በባዶ ሆድ የሚሄድ ሰው ለዚህ በሽታ እንደሚመች ታውቃለች። ከያዘችው የማሽላ ቂጣ ቆርሰው በሉና ተነሱ።

ኬላው አጠገብ ሰው ተሰልፏል። ከጎን ባለች የሣር ዳስ ጌጤ የምትባል የከተማው ሴት ጠላ ትሸጣለች፤ ጣይባ ቂጣ ከምትሸጥበት ጊዜ ጀምሮ ታውቃታለች። ተራቸው ሲደርስ ባንዳው የጥጡን ጆንያ በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገና ወደ አሊዪ ዞረ።

«ይሄስ ማነው?»

«የወንድሜ ሚስት ወንድም ነው። ታሟል፤ ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው» አለች ጣይባ።

«ቆሞ እየሄደ ምን ታሟል? ኩታህን አውርድ፣ ትከሻህን ልይ።»

አሊዪ ኩታውን ያዘ። ጣይባ ፊቱን ስታይ፣ እጁ ጨርቁ ላይ እንዳለ ዓይኑ ባንዳውን አልፎ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንድ ወፍራም ድምፅ ከጉሮሮው ወጣና አሊዪ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ። ሰዉ እየጮኸ ተበተነ። ባንዳው ራሱ ወደ ኋላ ሸሽቶ በሻሹ አፍንጫውን ሸፈነ፤ የሚወድቅ ሰው ትንፋሽ ይተላለፋል ይባላልና። ጣይባ ብቻ ተንበረከከች። ስትወድቅ ምን እንደምትመስል አይታ አታውቅም ነበር። የምታውቀው በኋላ የሚመጣውን ነው፤ የተነከሰ ምላስ፣ ጅማት ሁሉ የተቀጠቀጠ ገላ፣ ራቅ ብለው በክብ የቆሙ ሰዎች። አሁን ሌላውን ግማሽ አየችው። የሰውየው ክንድና እግር ይንፈራገጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ተገልጦ ማንንም አያይም። ያስፈራል። ሰዎች ለምን ይሸሹ እንደነበር ገባት፤ እሷም ለአንድ አፍታ እግሯ ልሽሽ ብሏት ነበር። አልሸሸችም። በአጠገቡ ያለውን ድንጋይ በእጇ ጠርጋ አራቀች፣ ትከሻውን ይዛ በጎኑ አዞረችው።

ጌጤ ክብሪት ይዛ እየሮጠች መጣች። «ጫሪና አሽትቺው፣ ይነቃል» አለች።

«አይሆንም እትዬ ጌጤ። እሳትም ውሃም አይቅረበው፣ አፉ ውስጥም ምንም አይገባም። ነጠላሽን ስጪኝ፤ ራሱ መሬቱን እየመታ ነው።»

ጌጤ ነጠላዋን አየች፣ የሰውየውን አረፋ አየች። ከዚያ አውልቃ አጥፋ ራሷ ከጭንቅላቱ ሥር አስገባችለት። ጣይባ ጎኑን ደግፋ ፋቲሓን ደጋግማ ቀራች፤ ሌላ የምትሠራው አልነበረም፣ ሌላ የሚሠራም የለም። መንፈራገጡ ቀስ እያለ ለቀቀው። ትንፋሹ ጉንፋን እንደያዘው ሰው እያንኮራፋ ተመለሰ። ሽርጡ ረጥቦ ነበር፤ ጣይባ በራሷ ነጠላ ሸፈነችው። ዓይኑን ከገለጠ በኋላም ለብዙ ጊዜ የት እንዳለ አላወቀም። ባንዳው ከሩቅ ሆኖ በሳንጃው ወደ ድልድዩ ጠቆመ። «አንሺው፤ ከፊቴ ውሰጂልኝ» አለ። ትከሻውን ማየት ረስቶታል፤ ወይም ሊነካው አልፈለገም። ጌጤ በአንድ ወገን፣ ጣይባ በሌላው ደግፈው አህያዋ ላይ አስቀመጡት፤ ጥጡን ጌጤ ዳስ ውስጥ ተዉት። ጌጤ ነጠላዬን ይዘሽ ሂጂ፣ ሲመሽ ትመልሺልኛለሽ አለቻት።

ሐኪም ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው፤ ከውስጥ ይግላል፣ የአልኮልና የላብ ሽታ አለው። ሐኪሙን ሁሉም ዶቶሬ ይለዋል፤ ወባ ያመነመነው ቢጫ ሽማግሌ ነው። አስተርጓሚው ደሳለኝ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ያቀብላል። ጣይባን አወቃት። ዶቶሬው ለምን ከቀጠሮዋ ቀድማ እንደመጣች ሲጠይቅ እውነቱን ተናገረች። «ለእኔ የተሰጠው ለሁለት ተከፍሎ ነው የከረመው፤ እኔም እሱም ግማሽ ግማሽ ስንውጥ ነበር» አለች።

ደሳለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ልተርጉመው? ይቆጣል።»

«ተርጉመው ጋሼ ደሳለኝ። ካላወቀ እንዴት ያክመናል?»

ዶቶሬው ተቆጣ። ጠረጴዛውን እየደበደበ ብዙ ተናገረ፤ ደሳለኝ አሳጥሮ፣ «ለእሱ ግማሹ እንደ ምንም ነው፣ ለእሷ ደግሞ ጉድለት ነው፤ ሁለታችሁም እንደታከማችሁ መስሏችሁ ሳትታከሙ ነው የከረማችሁት ይላል» አለ። ጣይባ የጎደለባትን ዛሬ ማታ ደርባ ትውጥ እንደሆነ ጠየቀች። አይሆንም፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮው አንድ፣ ያለፈው አልፏል። ከዚያ ዶቶሬው ወደ አሊዪ ዞሮ ዓይኑን በብርሃን አየ፣ ሚዛን ላይ አቆመው፣ ጠባሳውን በጣቱ ተከተለ። ምን እንደመታው ጠየቀ።

«በቅሎ ረግጣው ነው» አለች ጣይባ፣ አሊዪ አፉን ሳይከፍት።

ሽማግሌው ጣቱ ቀጥ ባለው ጠባሳ ላይ እንዳለ አንድ ነገር አለ። ደሳለኝ ወደ በሩ አየት አድርጎ ተረጎመ። «በቅሎዋ ሰደፍ ነበራት ወይ ይላል።»

ውጭ አንድ ካሚዮን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ጣይባ የሽማግሌውን ቢጫ ዓይን እያየች፣ «በቅሎ ናት በለው» አለች። ደሳለኝ አለው። ዶቶሬው እጁን ታጥቦ ቁምሳጥኑን ከፈተና ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ በወረቀት ጠቀለለ፤ የአሊዪ ከእሷ ይበልጣል። ለአሊዪ የመጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚለው፣ ከፍ ያለ ቦታ እንዳይወጣ፣ ብቻውን ወንዝ እንዳይገባ፣ ጫት ሲቅም እንዳያድር፣ ገላው ላይ ሽፍታ ከወጣ ቶሎ እንዲመጣ ነገረው። ለሁለቱም ደግሞ መንገዱ በውጊያ ስለሚቆራረጥ ሲያልቅባችሁ ሳይሆን ሳያልቅባችሁ ኑ አላቸው። ይህን ሲል ጣይባን ነበር የሚያየው።

ሲመለሱ ኬላው ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሟል፤ ሐኪም ቤት ደርሰው የሚመለሱ ናቸው ብላ ጌጤ ከዳሷ ጮኸችላቸው፤ ነጠላዋን መልሰው፣ ጥጡን ጭነው አለፉ። አሊዪ በእግሩ ይሄዳል። ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ «ምን መሰልኩ?» አለ።

«እንጃ። እኔን ሳትመስል አትቀርም።»

«ወደ ላይ ወደ ሰዎቹ ብመለስስ?» አለ ደግሞ።

«ስትጠና ትመለሳለህ። ክኒንህን ይዘህ፣ አጠገብህ ለሚያድረው ሰው ነግረህ።»

«እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ጦር ሜዳ የምወድቅ ነኝ ልበል?»

«ዛሬ የኬላው ሰው ሁሉ አይቶሃል። ከዚህ በላይ ምን ይቀርሃል?» አለችው። ጫቱንስ እስከመቼ ነው ሲል ጠየቃት፤ አትቃም አላለህም፣ ቅመህ አትደር ነው ያለህ አለችው፤ በዚህ ትንሽ ፊቱ ፈታ አለ።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አብዱልወሃብ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይገፋል፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው የዋለ ይመስላል። አሊዪን በብርሃን ከሰው ፊት ሲያየው ብድግ አለ። ዓይሻ ከውስጥ ወጥታ ወንድሟን አቀፈች፣ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፋት። መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ ጣይባ የየራሳቸውን ጥቅል ፈታች። አሊዪ የሱን ዋጠ፣ እሷም የሷን ዋጠች፤ ሙሉ ነበር፣ አልመረራትም። የየራሳቸውን ወረቀት በየራሳቸው መቀነት ቋጠሩ። አብዱልወሃብ ይህን ሁሉ አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለች ጣይባ፣ «ጠዋት ሰምቼአለሁ።»

አብዱልወሃብ መቁጠሪያውን አቆመ። «ይቅር በይኝ» አለ። አሊዪ ግርግዳውን ተደግፎ ዓይኑ እየከበደ ሄደ። ዓይሻ ደነገጠች፤ እየጣለው ነው ብላ ልትጮህ ስትል ጣይባ እጇን ያዘች። እንቅልፍ ነው፣ እሷም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበረች። ዓይሻ የወንድሟን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አይታ እስክታምን ቆየች።

«ቢጥለውስ?» አለች በዝቅታ። «አንቺ በሌለሽበት ቢጥለው? አንቺንስ ቢጥልሽ? እኔ ሸሽቼ መጮህ ነው የማውቀው።»

ጣይባ ሰሌኑን መሃል ወለል ላይ ዘረጋችና በጀርባዋ ተጋደመች። «ነይ፣ አሳይሻለሁ። መጀመሪያ የሚያቆስል ነገር አርቂ። ከዚያ አንድ እጅሽን ትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን ዳሌዬ ላይ አድርጊና ወደ አንቺ አዙሪኝ። አፌን አትክፈቺ፣ አትጫኚኝ። እስኪለቀኝ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ሌላ ምንም።» ዓይሻ ተንበረከከች። አዞረቻት፤ በመጀመሪያው አልሆነላትም፣ በሁለተኛው ሆነ። ጣይባ በጎኗ እንደተኛች ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። «ጋሼም ይምጡ» አለች። አብዱልወሃብ መቁጠሪያውን አስቀምጦ መጣ፣ በጉልበቱ ተቀመጠ፣ ትልቅ እጁን ከራሷ ሥር ለማስገባት እየፈራ ቀረብ አደረገ።

«ያዙኝ ጋሼ» አለችው፤ «አልሰበርም።»